ዝሆን ሲወድቅ



ሁለት ባልንጀሮች ከሥራ መልስ ሲጫወቱ፣ «ዝሆን ከገደል ቢወድቅ ድምፁ ዷ ነውን ወይስ ዘጭ?» እያሉ ተከራከሩ። አንደኛው፣ «ዷ የጠመንጃ ነው፤ ሥጋ የለበሰ ሁሉ ዘጭ ይላል» አለ። ሁለተኛውም፣ «አይጥስ?» ቢለው፣ «እርስዋማ ጠብ ብላ ትሄዳለች» ሲል መለሰለት።

ነገሩ ቧልት ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃልዴን በ1926 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር እንዳስረዱት፣ አይጥ ከጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ብትወድቅ ጥቂት ደንግጣ መንገድዋን ትቀጥላለች፤ ፈረስ ግን እንደ ውሃ ይረጫል። የአንድ እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እጥፍ ቢሆን፣ ቆዳው 4 ጊዜ ሲሰፋ ክብደቱ 8 ጊዜ ይጨምራልና። አየር የሚደግፈው በቆዳው ስፋት ልክ ነው፤ ወደ ታች የሚስበው ግን ክብደቱ ነው።

ይህ ለእኛ ለቢሮ ሰዎችም ምሳሌ ይሆነናል። ሹመት ሲጨምር ክብደት ይበዛል፤ ደጋፊ ግን በዚያው ልክ አይበዛም። ለወደቀ ዛፍም ምሳር እንደሚበዛበት ተረቱ ነግሮናል። እንግዲህ ከፍ ያልን እንደሆነ ትዕቢትን አራግፈን ቀለል እንበል፤ የወረድን ዕለት ጠብ እንጂ ዘጭ እንዳንል።