ለቪፒኤን እንክፈል ወይስ ይቅርብን?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኪሳችንና ስለ ስልካችን ነው። «የሚከፈልበት ቪፒኤን ልግዛ ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴን ልናገር።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነኝ። ለቪፒኤን የማወጣው ብር ሥራ ከምፈልግበት የዳታ ብር ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ነገሩን በደንብ አስቤበታለሁ።

የካቲት 2015 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ አይደል? ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አምስት ወር ገደማ ቆዩ። ያኔ ሁላችንም ያገኘነውን ቪፒኤን ጫንን። እኔ የጫንኩት አንዱ ነፃ አፕ ስልኬን በማስታወቂያ ሞላው፤ ባትሪዬን ጨረሰው፤ አልፎ ተርፎ የስልክ ቁጥሮቼን ልይ አለኝ። ቪፒኤን የሰዎችን ስልክ ቁጥር ምን ይሠራለታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪፒኤን ስትከፍቱ ኢንተርኔታችሁ ተመስጥሮ በድርጅቱ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ቴሌው የት እንደገባችሁ አያይም፤ የቪፒኤኑ ባለቤት ግን ማየት ይችላል። ከአንዱ ዓይን ሸሽታችሁ ሌላ ዓይን ሥር ገባችሁ ማለት ነው። ኦናቮ የሚባለውን ነፃ ቪፒኤን ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዝቶ ሰው የትኛውን አፕ እንደሚጠቀም ሲያይበት ነበር። አፕል በ2018 ከስቶሩ አስወጣው።

«እንግዲያው እንክፈላ!» ትሉኛላችሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ።

አንደኛ፣ የባንክ አፕና አብዛኛው ድረ ገጽ ያለ ቪፒኤንም የተመሰጠረ ነው። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃላችሁን ራሳችሁ ለአጭበርባሪ ከሰጣችሁ የትኛውም ቪፒኤን አያድናችሁም። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ከነጭራሹ ሲጠፋ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ይህንን አይተናል። አራተኛ፣ ክፍያው በዶላር ወይም በዩሮ ነው። ለምሳሌ ሙልቫድ በወር 5 ዩሮ ነው፤ ተራ የብር ካርዳችን ደግሞ ለዚህ አይሠራም። «በወር ይህችን ብቻ» የሚሉትም ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመቱን ባንዴ አስከፍለው ነው፤ ሲታደስ ዋጋው ይንራል።

ቴሌግራም ላይ «ፕሪሚየም አካውንት በርካሽ» የሚሏችሁንም ተጠንቀቁ። የማን እንደሆነ በማታውቁት አካውንት ምስጢር አይጠበቅም።

ታዲያ ማን ይክፈል? ከውጭ ደንበኛ ጋር በኢንተርኔት የሚሠራ፣ በየቀኑ በካፌና በሆቴል ዋይፋይ የሚውል፣ ወይም እንደ ጋዜጠኛ የሌላ ሰው ምስጢር የያዘ ይክፈል። ለእሱ የሥራ ዕቃው ነው።

ለሌሎቻችን ግን ነፃ ሆኖ የሚታመን አለ። ፕሮቶን ቪፒኤን የዳታ ገደብ የሌለው ነፃ አማራጭ አለው፤ ያሉት አገሮች ጥቂት ናቸው እንጂ ለዕለት ሥራ ይበቃል። ሳይፎንም ለተዘጋ ገጽ ይረዳል። ከትክክለኛው ስቶር፣ ሳይዘጋ በፊት፣ አሁኑኑ ጫኑት። ሲያስፈልግ ክፈቱ፤ ሳያስፈልግ ዝጉት፤ ዳታ ይጨምራልና።

ከዚያ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ቴሌግራማችሁ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳንቲምም አያስወጣም። አካውንታቸውን የተነጠቁ ስንት ልጆች እናውቃለን?

ብራችሁን አትበትኑ፤ ስልካችሁንም ለማንም አትክፈቱ። ለታናናሾቻችሁም አስረዷቸው።