ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ተማሪ ቤት ፖሊስና ስለ እስራት

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ክርክሩ በተነሣ ጊዜ አንድ ጓደኛችን «ፖሊስ በተማሪ ቤት ከተመደበ ሥራው ማሰር ነው፤ የማያስር ፖሊስ ዘበኛ እንጂ ፖሊስ አይባልም» ብሎ ነበር። ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን ጭብጨባዬ ቆጨኝ።

የቆጨኝበትን ምክንያት ላስቀድም። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሳለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት በኳስ ምክንያት ከሌላ ልጅ ጋር ተደባደበ። አፍንጫ ደማ፣ ሸሚዝ ተቀደደ፤ ከዚያ ያለፈ ጉዳት አልደረሰም። ፖሊስ ተጠርቶ ሁለቱንም ወሰዳቸው፤ ሁለት ሌሊትም አደሩ። አንደኛው ሰኞ ጧት ተመለሰ። የኔ ጓደኛ ግን እናቱ ጉሊት ቸርቻሪ ነበረችና፣ እሷን ጣቢያ ድረስ ማስለቀሱ አሳፍሮት ደብተሩን ጥሎ ቀረ። ሒሳብ ከኔ ይልቅ ያውቅ ነበር። ዛሬ እዚህ ቆሞ መናገር ይገባው የነበረው እሱ ነው።

ይህን ጥያቄ በሰፊው የፈተኑት ፖሊስን በተማሪ ቤት በብዛት የመደቡት አሜሪካኖች ስለ ሆኑ ምሳሌዬን ከዚያ እወስዳለሁ። ከአንዱ በቀር ዓመቶቹን በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። በ1950ዎቹ በሚሺጋን ግዛት በፍሊንት ከተማ ነገሩ ሲጀመር አሳቡ ልጆችና ፖሊስ እንዲተዋወቁ ነበር። በ1999 በኮሎምባይን ከደረሰው እልቂት በኋላ ግን የፖሊሶቹ ቁጥር እጅግ በዛ፤ ዲሬክተሩ በተግሣጽ ይጨርሰው የነበረው ጥፋትም ወደ ፍርድ ቤት ይጎርፍ ጀመር። ነገሩ ምን ያህል እንደ ራቀ ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ያስብ፤ በመስከረም 2019 በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ከተማ፣ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በተማሪ ቤቷ እጇ ታስሮ ተወሰደች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኛ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከነጭራሹ በወንጀል አይጠይቅም።

ታዲያ ባያስር ምን ያድርግ? ሁለት መልሶች ላቅርብ።

የመጀመሪያው በጆርጂያ ግዛት ከክሌይተን አውራጃ የተገኘ ነው። የወጣቶች ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ስቲቨን ቴስኪ ችሎታቸው በድብድብና በረብሻ ክስ መጨናነቁን አይተው፣ በ2004 የተማሪ ቤቶቹን ሹማምንትና የፖሊስ አዛዦቹን ሰብስበው የጽሑፍ ስምምነት አስፈረሙ። ተማሪው ቀላል ጥፋት ሲያጠፋ በመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በሁለተኛው ወደ ምክር ወይም ወደ ዕርቅ ይላካል፤ በሦስተኛው ብቻ ወደ ዳኛ ይቀርባል። ክሱ እጅግ ቀነሰ። ዳኛው በ2012 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ስለዚህ ሥራ መስክረዋል።

ሁለተኛው የፊላዴልፊያ ነው። ይህን በ2014 የጀመሩት ራሳቸው ፖሊስ የሆኑት ኬቪን ቤቴል ናቸው፤ በ2024 የከተማዪቱ የፖሊስ አዛዥ ሆነዋል። በዚያ ፖሊሱ ቀላል ጥፋት ሲያጋጥመው፣ ልጁ ከዚህ በፊት የተፈረደበት አለመሆኑን አጣርቶ፣ ሳያስረው በተማሪ ቤቱ ይተወዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ወደ ልጁ ቤት ሄዶ ወላጆቹን ያነጋግራል፤ ልጁን ምን እንደ ቸገረው ይጠይቃል፤ የሚረዳም ነገር ካለ በነፃ ያቀርባል። በ2013–14 የትምህርት ዘመን በዚያች ከተማ ተማሪ ቤቶች ወደ 1,580 የሚሆን እስራት ተፈጽሞ ነበር፤ በ2018–19 ወደ 250 ወረደ።

እዚህ ላይ ልታረሙኝ ትችላላችሁ። «ፖሊስ ማሰር ከተወ የእስራት ቁጥር መቀነሱ ምን ይደንቃል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ልጆቹ ጨዋ መሆናቸውን አያስረዳም። የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ ከእነዚያ እስራቶች የሚበዙት የግድ አልነበሩም። ጠመንጃ ይዞ የመጣን ወይም ሰው ክፉኛ ያቆሰለን አይሰር የሚል የለም።

«ያልታሰረ ልጅ ይዳፈራል» የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከሁለቱ የቱ ይከብዳል ብዬ እጠይቃለሁ፤ በጣቢያ ወንበር ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ወይስ ሽማግሌ ፊት ቆሞ የመታኸውን ልጅ ዐይን ዐይኑን እያየህ «በድዬሃለሁ» ማለት? የኛ አባቶች ደም የተቃቡትን እንኳ በዕርቅና በካሳ ሲያስማሙ ኖረዋል። ለተቀደደ ሸሚዝ ማሰሪያ ብረት ምን ያደርጋል?

ፖሊሱ መልካም ሰው ከሆነ ይበቃል የሚለውንም አልቀበለውም። መልካምነት ሰው ሲለይ ይታያል። በአሜሪካ መንግሥት በተሰበሰበው የ2015–16 መዝገብ መሠረት ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ለፖሊስ ከተሰጡትና ከታሰሩት ግን 31 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ በጽሑፍ መሆን ይገባዋል። የዶክተር ልጅ ሲያጠፋ ምክር፣ የጉሊት ቸርቻሪ ልጅ ሲያጠፋ ካቴና እንዳይሆን የሚጠብቀው ወረቀቱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። የወገኖቻችን ልጆች በብዛት የሚማሩባቸው የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ አውራጃና የቨርጂኒያዪቱ አሌክሳንድርያ በ2021 በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። ሞንትጎመሪ ፖሊሶቹን ከተማሪ ቤቶቹ አወጣ፤ አሌክሳንድርያ ደግሞ ካስወጣች በኋላ በዚያው ዓመት መለሰቻቸው። በዚያ ያሉ አባትና እናት፣ ልጃቸው ሲያዝ በማያውቁት ቋንቋ ወረቀት ሊቀርብላቸው ይችላል። ደንቡ በአማርኛም ተጽፎ፣ ከካቴና በፊት ወላጅ ይጠራ ብለው ቢጠይቁ መብታቸው ነው።

እኛስ? ከመካከላችን ነገ አስተማሪ፣ ዳኛና የፖሊስ መኰንን የሚሆኑ አሉ። ለእነሱ የምለው ይህ ነው። ስልክ አንሥታችሁ ፖሊስ ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ የተጎዳው ማነው? የተጎዳውን ምን ይክሰዋል? ልጁ ሰኞ ጧት የት ይገኛል? ሦስተኛውን ያልመለሰ ቅጣት ተግሣጽ አይባልም።

ባለፈው ለተናገረው ጓደኛችን ያጨበጨብሁትን መልሼ እወስዳለሁ። እሱ ግን ተነሥቶ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።