ሸራ ለባሽ መኪና ስለ ማሞቅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ መምህራችን በዚህ በዓል ላይ አንድ ነገር እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አቶም የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የነካሁትን ነው፤ ይኸውም ጣሪያው ሸራ በሆነ አሮጌ መኪና ውስጥ ትንሽ ማሞቂያ ስለ መግጠም ነው። ነገሩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ታገሡኝ።

የእናቴ ወንድም አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ከተማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ ስላልተገኘ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። ማሞቂያ ግን ለፈለገና ለከፈለ ብቻ የሚጨመር ነገር ነበር። የአጎቴም መኪና ማሞቂያ የለውም፤ ጣሪያው ሸራ ነው፤ በሮቹም እስከ ወገብ ብቻ ናቸው። ቀን ቀን ከአረካ ገበያ ድንችና ጎደሬ ያመላልሳል። ሌሊት በራችን ሲንኳኳ ደግሞ ሕመምተኛ ይጭናል።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር እንዲሁ በራችን ተንኳኳ። ምጥ የያዛት ጎረቤታችን ነበረች። ዝናቡ ያካፋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ባትሪ አበራ ነበር። ገና ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ልጁ በመኪናው ውስጥ ተወለደ። ሴቶቹ በነጠላ ጠቀለሉት፤ ነገር ግን ነፋሱ በጎንና በጎን ይገባ ስለ ነበር ነጠላው ወዲያው ረጠበ። ሆስፒታል ስንደርስ የሕፃኑ እጅና እግር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አዋላጅዋ ነርስ ሙቀቱን ብትለካው 35 ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ቶሎ አደራርቃ፥ ገላውን ከእናቱ ገላ አገናኝታ፥ በላዩ ብርድ ልብስ ደረበች። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ እየዳኸ ነው።

በማግስቱ ነርሷን ስጠይቃት እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ሰውነቱ እርጥብ ስለ ሆነ፥ ቆዳውም ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ሰፊ ስለ ሆነ፥ እንደ እኛም ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ ስለማይችል ቶሎ ይበርዳል። ወደ ቤት ስመለስ ይህን ለአጎቴ ነገርኋቸውና «ማሞቂያ እንግጠምበት» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፥ ይህ መኪና እኮ ወንፊት ነው፤ በወንፊት ውሃ ልትቀዳ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ብሠራው እርሳቸውን የሚደግፍ ሆነ። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፥ ነፋሱ በአንድ ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ በኩል በየሴኮንዱ 11 ሜትር ኩብ ያህል አየር ያስገባል። በእኛ ደጋ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አንዱን ኪሎ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅም አንድ ኪሎ ጁል ይፈጃል። እንግዲህ ማሞቂያው ሁለት ኪሎ ዋት ቢሰጥ ያ ሁሉ አየር የሚሞቀው በአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሆንም። ነገር ግን ያው ሁለት ኪሎ ዋት በየሴኮንዱ አምሳ ሊትር አየር ብቻ ቢያሞቅ፥ አየሩ በ40 ዲግሪ ይሞቃል። ስለዚህ መኪናውን ለማሞቅ መድከም ከንቱ ነው፤ የሚሞቀው ሰውየው ነው። ትኩሱን አየር በቱቦ አምጥቶ በጋቢ ሥር መልቀቅ ይበቃል።

ይህን ያገኘሁት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በእንግሊዝ አገር ሰዎች ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተው በቤታቸው የሚገጣጥሙት ክፍት መኪና አለ። ከእነዚህ ስመ ጥሩ የሆነው ሎተስ ሰቨን በ1957 ዓ.ም. ወጣ፤ ተገጣጥሞ የተሸጠ መኪና የሚከፍለውን የግዢ ግብር በክፍልፋይ የተሸጠው አይከፍልም ነበርና ብዙ ሰው ወደደው። ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ኬተርሃም የሚባለው ኩባንያ ይሠራዋል። ጣሪያ የሌለው ሲሆን እንኳ ባለቤቶቹ ትንሽ ማሞቂያ ይገጥሙበታል። የእግሩ ቦታ ጠባብ ዋሻ ስለ ሆነ ትኩሱ አየር እዚያ ይጠራቀማል፤ ራሳቸውን ብርድ እየመታው እግራቸው ይሞቃል።

ከዚህ በኋላ ሙቀቱ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ የሰፈሩም ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ «የከሰል ማንደጃ አስቀምጡበት» አለ። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ሁለት መቶ ጊዜ በበለጠ ኀይል ነው። ሸራው ተዘግቶ ማንደጃ ቢቀመጥ ከብርዱ የከፋ ይመጣል። አንድ በያጅ ደግሞ «አየሩን በማርሚታው ዙሪያ አሳልፉት» አለ። ይህኛው ሞኝነት አይደለም፤ የድሮው ቮልስዋገን ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ ነበር። ግን ቱቦው በዝገት የተበሳ ቀን ያው መርዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ኤሌክትሪክስ? ሁለት ኪሎ ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት 166 አምፔር ያስፈልጋል፤ የአሮጌ ላንድሮቨር ዳይናሞ የሚሰጠው 20 አምፔር ገደማ ነው።

የቀረው የሞተሩ ውሃ ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማውን የሚያዞረው ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በጭሱና በራዲያተሩ በኩል ይባክናል። እኛ የምንለምነው ከዚህ ከሚባክነው ጥቂት ነው።

አጎቴ ከአንድ ከፈረሰ መኪና የወጣ፥ ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ራዲያተር ከነማራገቢያው ገዙ። መጀመሪያ አንዱን አፍ ደፍነን፥ በሌላው በብስክሌት ፓምፕ አየር እየነፋን በውሃ በርሜል ውስጥ ነከርነው። ከአንድ ጥግ አረፋ ወጣ። በያጁ በቆርቆሮ አስተካከለውና እንደገና ነከርነው። ይህን ሳያደርግ የሚገጥም ሰው የፈላ ውሃ በእግሩ ላይ ይጠብቀው። ከዚያ ማሞቂያውን ከመሪው አጠገብ በላሜራ አሰርነው። ትኩሱን ውሃ ከሞተሩ ራስ፥ ከቴርሞስታቱ በፊት ባለው ቦታ ወሰድን፤ መመለሻውን ወደ ውሃ ፓምፑ መሳቢያ አገባን። ሁለቱን የጎማ ቱቦዎች በፋሸታ አጠበቅን፤ ቱቦ ቢፈነዳ ውሃውን ከውጭ ለመዝጋት እንዲቻል መዝጊያውን ከኮፈኑ ሥር አደረግነው። ማራገቢያው የሚፈልገው አምስት አምፔር ብቻ ነው፤ የራሱ ፊውዝ ተደረገለት። ከዚያም አንድ ሰፊ ቱቦ እስከ ኋላ ወንበር ዘረጋን፤ የአረካ ሸራ ሰፊም የጎን መጋረጃ ሰፋልን።

ሞተሩ ተነሣ። ሠፈሩ ተሰበሰበ። የመጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር። አጎቴ ምንም አልተናገሩም፤ ዝም ማለታቸው ግን ከስድብ ይብስ ነበር።

ሁለት ቀን ፈለግን። ለካ ቴርሞስታቱ ከቦታው የለም! ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ «ሞተሩ እንዳይግል» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ይህ በአገራችን የተለመደ ስሕተት ነው። ቴርሞስታት ሲሞቅ የሚያብጥ ሰም ያለበት ትንሽ በር ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ይዘጋዋል። እርሱ ከሌለ ሞተሩ በብርድ ቀን ሙሉ ሙቀቱን አያገኝም፤ ቤንዚን ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። በ82 ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ገዝተን አስገባን። ይህን ስናደርግ የራዲያተሩንም ክዳን ለወጥን። 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ በስፕሪንጉ ውሃውን የሚጫን ደኅና ክዳን ያስፈልጋል።

አሁንም አንዱ ቱቦ ትኩስ፥ ሌላው ቀዝቃዛ ሆነ። ይህ ግን በውስጡ አየር ስለ ታሰረ ነው። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርገን አቆምንና ላይኛውን ፋሸታ አላላን፤ ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩ ወጣ። እጄን ከቱቦው አፍ ላይ ባደርግ አቃጠለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ከላቦራቶሪያችን በተዋስሁት ቴርሞሜትር ሌሊት እየሄድን ለካን። ውጭው 13 ዲግሪ ሲሆን፥ ከመጋረጃው ውስጥ በጋቢ ሥር 29 ሆነ። ከጋቢው ውጭ ግን ብርዱ ያው ብርድ ነው።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልወድም። ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ውሃው እስኪሞቅ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ለሆስፒታሉ ጎረቤት ለሆነ ግን ማሞቂያው ሳይሞቅ ይደርሳል። ስለዚህ አጎቴ ማታ ማታ ትልቅ ፔርሙስ የፈላ ውሃ በቤት ያስቀምጣሉ፤ ሲጠሩ በጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ከብርድ ልብሱ መካከል ያስገቡታል፤ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ያወጡታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕፃን ከሆነ አድርቆ ከእናቱ ገላ ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህን የሚተካ ማሞቂያ እስከ ዛሬ አላየሁም።

መኪናው አሁን ከትምህርት ቤታችን በር ውጭ ቆሟል። ማየት ለሚወድ ሁሉ አጎቴ ኮፈኑን ይከፍቱለታል። የራዲያተሩን ክዳን ግን እባካችሁ አትንኩ፤ ገና አሁን ከአረካ መምጣታቸው ነው።