የቅቤ ዋጋ

እሑድ ረፋድ ላይ ሱሉልታ መንገድ ዳር ወዳለች፣ የፈረንሳይ ቁርስ ወደምታቀርብ የምወዳት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ስሟ ይቆየን። ኦምሌቱ ደርቋል፤ እሱን እንለፈው። ያናደደኝ ክሮሳንቱ ነው። ስቆርሰው መፈርፈሩ ቀርቶ እንደ ዳቦ ተለጠጠ፤ ላንቃዬ ላይም የማርጋሪን ሰም ጥሎ ሄደ።

ክሮሳንት (ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ከቪየና ነው የወረሱት) ሊጥና ቅቤ እየተደራረበ የሚታጠፍ ነገር ነው። በየእጥፋቱ መሃል ሊጡ ካልቀዘቀዘ ቅቤው ይቀልጥና ከሊጡ ይዋሃዳል፤ ከቀዘቀዘ ግን ምድጃ ሲገባ እንፋሎቱ ንብርብሩን ያነሳዋል። ትዕግሥት ይፈልጋል።

አስተናጋጁን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ቅቤ ተወደደ እኮ!»

ተወዷል፤ አልካድኩም። ጾም ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ፤ የጾሙን የጾም ብለው ይሸጡታል። ግን ፍስክ ነው፤ ያለነውም ለአዲስ አበባ ወተት በሚያቀርበው በሱሉልታ ነው፤ ሜኑው ላይ የተጻፈውም «በቅቤ» የሚል ነው። ሒሳቡም የመጣው በቅቤ ዋጋ ነው። ጨምር ቢሉኝ እኮ እጨምር ነበር።