ቀስር አል ዓይኒ፦ ሐኪም የሚወጣበት ቤት

የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ቀስር አል ዓይኒ የተመሠረተው በ1827 እ.ኤ.አ. በግብፁ ገዥ በመሐመድ አሊ ዘመን ነው። መሥራቹ ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎ ቤይ ሲሆን፣ እሱ በፈረንሳይኛ ያስተምር፣ አስተርጓሚዎችም ወደ ዐረብኛ ይመልሱለት ነበር።

እኛን በይበልጥ የሚነካን ግን በ1832 እ.ኤ.አ. በዚሁ በክሎ ቤይ የተከፈተው የአዋላጆች ትምህርት ቤት ነው። ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ለመላክ ስላልደፈሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ከካይሮ የባሪያ ገበያ የተገዙ የሐበሻና የሱዳን ልጃገረዶች ነበሩበት። የግብፅ ዘመናዊ የአዋላጅነት ሙያ በእነሱ እጅ ተጀመረ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ከሕክምና ሌላ የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግና ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ለግብፃዊው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር በሕገ መንግሥቱ ነፃ ነው፤ ፈተናው የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ውጤቱ ነው። የውጭ ዜጋ ግን ይከፍላል፣ ያውም በዶላር።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የገቡ የሕክምና ተማሪዎች አምስት ዓመት ተምረው ሁለት ዓመት በሆስፒታል ይለማመዳሉ፤ ቀድሞ ስድስትና አንድ ነበር። በእኔ እይታ ለበሽተኛውም የሚበጅ ለውጥ ነው።

ለማመልከት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን የሰባቱንም ዓመት ወጪ አስቀድማችሁ ጠይቁ።