ስለ ሮልስ ሮይስ አውቶሞቢል ስምና ስለ ጀማ ዳገት

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ቃል ልንናገርበት ያሰብነው ጉዳይ ሮልስ ሮይስ የተባለው የእንግሊዝ አውቶሞቢል ታሪክና ዝና ነው። ይህን ስንል በተለይ በዓለም ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁት «እኛ የምንሳፈረው ሌላ፥ እናንተ የምታወሩት ሌላ» እንደምትሉን አላጣነውም። እውነት ነው፤ በመርሐ ቤቴ መንገድ ላይ ሮልስ ሮይስ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። ነገር ግን የዚህ መኪና ስም በመጀመሪያ የተሠራው በለስላሳ የቆዳ መቀመጫ ሳይሆን እናንተ ዘወትር በምታውቁት ፈተና፥ ይኸውም ረጅሙን መንገድ ሳይበላሹ በመጨረስ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ከቤተ መንግሥት ግቢ ይልቅ ለእናንተ የቀረበ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰው ሙከ ጡሪ ላይ የጎጃሙን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በለሚ በኩል አልፎ ከደጋው ጫፍ ሲደርስ ምድሩ ከእግሩ በታች ወለል ብሎ ይከፈትና ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደጋው ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ ጀማ ወንዝ ሲደርሱ ወደ ቆላ ሙቀት ይለወጣል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላም ዳገቱ ይጠብቃል። በዚህ ሥፍራ መኪና በቀለሙ አይመሰገንም። ፍሬኑ ቁልቁለቱን ከያዘ፥ ሞተሩም ሳይፈላ ዳገቱን ከወጣ፥ ደግ መኪና ይባላል፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅም የለም። ለዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል የሚላከው መድኃኒት፥ ለተማሪዎች የሚመጣው የፈተና ወረቀት፥ ከአገልግሎት ጉዞ የሚመለሰው ሠራተኛ፥ ሁሉም የሚደርሱት ወይም ከመንገድ የሚቀሩት በዚሁ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እንናገራለን።

ሄንሪ ሮይስ በ1863 ከአንድ ባለ ወፍጮ ቤት ተወለደ። የአባቱ ሥራ አልተቃናም፤ ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነውም አባትየው ሞተ። ሮይስ ገና በልጅነቱ ጋዜጣ እየሸጠና ቴሌግራም እያደረሰ ኖረ። አክስቱ ገንዘብ ከፍላለት በባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ ሙያ ለመማር ገባ፤ ነገር ግን የአክስቱ ገንዘብ ስላለቀ ሳይጨርስ ወጣ። ከዚህ በኋላ በ1884 በማንቸስተር ከተማ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራበት አነስተኛ ቤት ከፈተ። ኑሮው ጥቂት ሲሻሻል ያገለገለ የፈረንሳይ መኪና ገዛ። መኪናውን ግን አልወደደውም። ሌላው ሰው ቢሆን ሸጦ ሌላ ይገዛ ነበር፤ ሮይስ ግን አንዱን ክፍል ከሌላው እየፈታ መረመረውና «ከዚህ የተሻለ ይቻላል» ብሎ በ1904 የራሱን መኪና ሠራ።

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ሮልስ ነው። እርሱ የባላባት ልጅ፥ በካምብሪጅ የተማረ፥ በሎንዶን መኪና የሚነግድ ነበር። ሁለቱ በዚያው በ1904 በግንቦት ወር መጀመሪያ ገደማ በማንቸስተር ሆቴል ተገናኙና ሮይስ የሚሠራውን መኪና ሁሉ ሮልስ ሊሸጥ ተስማሙ። ኩባንያው በ1906 ተቋቋመ። የባላባቱ ስም ቀድሞ የሠራተኛው ስም ተከተለ፤ ይህ የዘመኑ ወግ ነው። ይሁን እንጂ ሮልስ በ1910 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ሮይስ ግን በሕመም ላይ ሆኖ እንኳ እስከ 1933 ድረስ ሲነድፍና ሲያርም ኖረ። እኛ ስሙን ስንጠራ ሁለተኛውን ቃል ትንሽ ጠበቅ አድርገን ብንለው ሳይሻል አይቀርም።

አሁን ዝናው ወደ ተፈጠረበት ወደ 1907 ደርሰናል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አንዱን መኪና በብር ቀለም አስቀብቶ «ሲልቨር ጎስት»፥ ማለት «የብር መንፈስ» የሚል ስም አወጣለት። መንፈስ መባሉ ድምፁ ስለማይሰማ ነው። (በእኛ አገር መኪናን መንፈስ ብለው ቢጠሩት፥ አንዲት እናት ጠበል ሳትረጨው በደጇ የምታሳልፈው አይመስለንም።) ይህንን መኪና በአውቶሞቢል ክበብ ታዛቢዎች ፊት በሎንዶንና በግላስጎ መካከል ከእሑድ በቀር ቀንና ሌሊት ያመላልሱት ጀመር። 629 ማይል እንደ ተጓዘ የቤንዚኑ መዝጊያ በመንገዱ ንቅናቄ ራሱ ተዘጋና መኪናው ቆመ። መዝጊያውን ከፍተው ጉዞውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ 14,371 ማይል፥ ይኸውም ከ23,000 ኪሎ ሜትር በላይ፥ በብልሽት ምክንያት ሳይቆም ሄደ። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ ዓለም ከተማ ድረስ ስልሳ ጊዜ ያህል ደርሶ ከመመለስ ጋር ይስተካከላል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ እኛን የሚያስደንቀን ግን ጉዞው ካለቀ በኋላ የተደረገው ነው። መኪናው ተፈታ፤ እያንዳንዱ ክፍል በታዛቢዎች ፊት እየተለካ የተበላው ከአዲሱ ጋር ተመዛዘነ። የሚለወጠው ሁሉ ሲታሰብ ዋጋው ከሁለት ፓውንድ ብዙም አላለፈም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥቂት ገንዘብ ብቻ መጠየቁ ስለ መኪናው አሠራር ይናገራል፤ መፈታቱና መለካቱ ግን ስለ ሰዎቹ ልማድ ይናገራል። ሳይበላሽ መርምረውታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ለመንግሥት ሠራተኛ የተደረገ ንግግር አይሆንም። አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃ ጎድሎት ከዛፍ ሥር ሲቆም ማየት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። የዕቃው መጠየቂያ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ «ይታይ» ተብሎ ይመራል፤ ተመልሶም «ይገለጽ» ይባልበታል። በዚህ መካከል ባትሪው ይሞታል፥ ጎማው ይተነፍሳል፥ ደኅና የነበረውም ዕቃ ለሌላ መኪና ተብሎ ይፈታል። በዓመቱ መኪናው ለጨረታ ይቀርባል። ያው መሥሪያ ቤት ደግሞ በበጀት መዝጊያ ወቅት አዲስና ከፊተኛው የበለጠ መኪና እንዲገዛለት ይጽፋል። ዘይቱን በጊዜው ያስለወጠና የተበላውን የፍሬን ሸራ በጊዜው ያመለከተ ሾፌር ስሙ በማናቸውም ደብዳቤ ላይ አይገኝም፤ ጭቅጭቅ ወዳድ ተብሎም ይታማ ይሆናል። እኛ ግን በጀማ ዳገት ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ የሚወጣ አምቡላንስ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጨቅጫቃ ሾፌር ነው ብለን እናምናለን።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1911 ቻርልስ ሳይክስ የተባለ ቀራጭ በመኪናው አፍንጫ ላይ የምትቆመውን ልብሷ በነፋስ የሚውለበለብ ሴት ምስል ሠራ። በ1914 ጦርነት ሲነሣ ይኸው የመኳንንት መኪና ብረት ለብሶና መትረየስ ተጭኖበት በዐረብ በረሃ ተዋጋ። ኩባንያውም በዚያው ዘመን የአውሮፕላን ሞተር መሥራት ጀመረ፤ ይህ ነገር ኋላ የሚያመጣውን እናያለን።

ወደ አገራችን አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ መንገድ በሌለበት ምድር በረሃውንና አቀበቱን እየታገለ፥ ሲድሊ በሚባል መኪና አዲስ አበባ ደረሰ። ስሙ ከታወቀው የቤንትሊ መኪና ጋር ይገጥማል እንጂ ሰውየው ሌላ ነው፤ የቤንትሊ ኩባንያ የተመሠረተው በ1919 ሲሆን በ1931 ራሱ ሮልስ ሮይስ ገዝቶታል። ሲድሊ የሚለውን ስም ግን እንድትይዙልን እንለምናለን።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ አውቶሞቢሎች መካከል ሮልስ ሮይስ ይገኝ ነበር። ሕዝባችንም ይህን መኪና ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። መኪናው ሲያልፍ እጅ ይነሣ ነበር፤ አቤቱታ ያለበትም ወረቀቱን ይዞ ከመንገዱ ዳር ይቆም ነበር። በእንግሊዝ አገር የመኪናው ስም ከፋብሪካ ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ፥ በእኛ ዘንድ ግን ከቤተ መንግሥት ወደ አደባባይ ወጣ። ስለዚህ ሮልስ ሮይስ ማለት ለእኛ ሥልጣን ማለት ሆነ፤ ያ የቤንዚን መዝጊያና ያ የሁለት ፓውንድ ሒሳብ ከስሙ ጋር ተጭኖ አልመጣልንም። ታላቅ መሆንን በመኪና የመለካቱ ልማድ ምናልባት ከዚህ ሳይወረስ አልቀረም፤ ቤተ መንግሥቱ ካለፈ በኋላም ልማዱ አላለፈም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት፥ እነዚያ ሁሉ መኪናዎች በግቢው ቆመው ሳለ፥ ሕዝቡ ቮልስ በሚላት በትንሿ ቮልስዋገን ነው። ያን ቀን ያዩትም ያላዩትም ከሥርዓቱ ሁሉ ይህችን መኪና አብልጠው ያስታውሳሉ። ግቢው በ2017 ዓ.ም. ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ ስለ ተከፈተ፥ ዛሬ ማንም ሰው ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን አሮጌ መኪናዎች ሊመለከት ይችላል።

የቮልስዋገን ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ሮልስ ሮይስ አንድ አዲስ የአውሮፕላን ሞተር ሲሠራ ወጪው ከዐቅሙ በላይ ስለ ሆነበት በ1971 ከሰረ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ወረሰው። በ1973 የመኪናው ሥራ ከሞተሩ ሥራ ተለይቶ ለብቻው ቆመ፤ በ1980 ቪከርስ የተባለ ኩባንያ ያዘው። በ1998 ቪከርስ ሊሸጠው ሲወስን ቮልስዋገን 430 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። ፋብሪካውን፥ ሠራተኞቹን፥ ያችን ባለ ክንፍ የመሰለች ሴት ምስል እንኳ ሳይቀር ገዛ። ነገር ግን አንድ ነገር አልተገኘም፤ ሮልስ ሮይስ የሚለው ስም ገና በአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ኩባንያ እጅ ነበር። ሞተር ሠሪውም ስሙን ለሌላው የጀርመን ኩባንያ ለቢ ኤም ደብልዩ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ።

እንዲህ ያለ ክርክር በእኛ አገር በርስት ላይ ቢነሣ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላልስ እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ ጀርመኖቹ ግን በዚያው በጋ ተነጋግረው ጨረሱ። ቮልስዋገን እስከ 2002 መጨረሻ ድረስ መኪናውን በስሙ እየሠራ እንዲቆይና ከዚያ በኋላ ቤንትሊን ብቻ ይዞ እንዲቀር ተስማሙ። ቢ ኤም ደብልዩም ፋብሪካ ያልነበረውን ስም ይዞ በጉድዉድ አዲስ ፋብሪካ ሠራለትና ከ2003 ጀምሮ ሮልስ ሮይስ የሚወጣው ከዚያ ነው። የመቶ ዓመት ሙያ ያለበት ፋብሪካ ያለ ስም ቀረ፤ ስሙ ደግሞ አንድ ብሎን ሳያስከትል ሄደ። አዲሱ ፋብሪካ በስሙ ልክ ሠርቶ አሳይቷል፤ ባያሳይ ኖሮ ያ 40 ሚሊዮን ፓውንድ የባከነ ገንዘብ በሆነ ነበር።

የቀረው ሲድሊን ማንሣት ነው። ለዐፄ ምኒልክ በመጣው መኪና ላይ ስሙ የነበረው የሲድሊ ሥራ ኋላ ወደ አውሮፕላን ሞተር ዞረ፤ ከሌሎችም ጋር ተቀላቅሎ በ1959 ብሪስቶል ሲድሊ ተባለ፤ በ1966 ደግሞ ሮልስ ሮይስ ጠቅልሎ ገዛው። ስለዚህ ወደ አገራችን በመጀመሪያ የገባው የመኪና ስም ከሮልስ ሮይስ ቤት ገብቶ ቀርቷል። የሮልስ ሮይስ ስምም ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያንን የሚያሳፍረው በመሬት ሳይሆን በአየር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ኤርባስ ኤ 350 አውሮፕላን የሚበርረው በሮልስ ሮይስ ሞተር ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዓለም ከተማ ቀና ብሎ ወደ ሰሜን የሚያልፈውን አውሮፕላን የሚያይ ሰው ይህን ስም ከራሱ በላይ ሲሄድ ሳያየው አይቀርም።

ብሪስቶል ሲድሊ በ1962 አንድ ልማድ ጀምሮ ነበር፤ ሮልስ ሮይስም ከእርሱ ወርሶ አስፋፍቶታል። በዚህ ውል የአውሮፕላኑ ባለቤት ሞተሩ ለሠራበት ሰዓት ብቻ ይከፍላል፤ መመርመሩና መጠገኑ የሠሪው ዕዳ ነው። ሞተሩ በቆመ ጊዜ ሒሳቡም አብሮ ይቆማል።