ውኃ በሰዓቱ የሚከፍተው ሣጥን፣ አተካከሉና የሽቦው አያያዝ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ከጉድጓድ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚያጠጡ አባሎቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ይኸውም ውኃውን በተቀጠረለት ሰዓት ራሱ ከፍቶ ራሱ የሚዘጋውን መቆጣጠሪያ ሣጥን ዩኒየኑ ገዝቶ ያከፋፍለን የሚል ነው። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለም። በእኛ ቆላ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ወረፋው ሲደርስ አካፋ ይዞ ማሳው ላይ ያድራል። ወባ ባለበት አገር ሌሊቱን ውጭ ማደር ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግርም።

አስቀድሜ ሣጥኑ የማይሠራበትን ቦታ ልናገር። ሣጥኑ የሚያዘው ቫልቭ የተዘጋ ቱቦና ግፊት ያለው ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሮቢም ሆነ ከጀወሃ ወንዝ ጠልፈን በቦይ ለምናወርደው ውኃ አይሆንም፤ አብዛኞቻችሁ ደግሞ የምታጠጡት በቦይ ነው። የሚያገለግለው በቆቦ ጊራና ሸለቆ እንደተዘረጋው ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ለሚሠራ የጠብታና የርጭት መስኖ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ትንሹ ሣጥንም በብዛት የሚሠራው ለግቢ ሣር ማጠጫ ስለሆነ፣ ወደ እርሻ ስናመጣው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሽቦው ነገር ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 24 ቮልት ያወርደዋል። ከእያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት ሽቦ ይወጣል። አንዱን ከሌሎቹ ቫልቮች ሽቦ ጋር በአንድ የጋራ መስመር አያይዘን «ሲ» የሚል ምልክት ባለበት ቦታ እናስራለን፤ ሁለተኛው በየራሱ ቁጥር ላይ ይታሰራል። በዚህ መሠረት ለ4 ቫልቭ 5 ሽቦ ይበቃል። ሽቦው ለመሬት ውስጥ የተሠራ የመዳብ ኬብል ይሁን፤ ማረሻ ከሚደርስበት በታችም ይቀበር። ብልሽት የሚበዛው መጋጠሚያው ላይ ነው። ናስትሮ ጠምጥሞ አፈር ማልበስ ለአንድ በጋ እንኳ አያዛልቅም፤ ውስጡ ቅባት ያለበት ውኃ የማያስገባ ቆብ አለ፣ እሱ ይገዛ። ሥራው ሲያልቅ ሽቦዎቹን ከሣጥኑ ፈትቶ በጋራ ሽቦውና በየቁጥሩ ሽቦ መካከል በቴስተር መለካት ይገባል። ከ20 እስከ 60 ኦኽም ካነበበ ደህና ነው። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦው ተነካክቷል፤ ምንም ካላነበበ አንድ ቦታ ተበጥሷል።

ፓምፑን በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ማሰር ፈጽሞ አይቻልም። የሣጥኑ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ የሚችለው ሪሌይ መቀስቀስ ብቻ ነው፤ ሪሌይው ኮንታክተሩን፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያስነሣል። ይህን የ220ና የ380 ቮልት ክፍል ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። እኔም ብሆን አልነካውም። ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋ የውኃ ልክ መጠበቂያም አብሮ ይገጠም፤ ሌሊት ሰው በሌለበት ደረቅ የሚዞር ፓምፕ አይተርፍም። መብራት ላልደረሰበት ማሳ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሣጥን አለ፤ የእሱ ቫልቭ ግን ሌላ ዓይነት ስለሆነ ከ24 ቮልቱ ጋር አይለዋወጥም። በሁሉም ዓይነት ከቫልቩ በፊት ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ በቫልቩ ውስጥ ያለውን ስስ ላስቲክ አንዲት ጠጠር ሳይዘጋ ልታሳድረው ትችላለችና።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ሣጥኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሽንኩርት በርጭት ለማጠጣት ጥሩው ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ነፋስ የለም፣ ቅጠሉም ፀሐይ ስትወጣ ቶሎ ይደርቃል። ይህ በሣጥኑ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 4 ተብሎ ይሞላል። 10 ብሎ የሞላ ሰው ወይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያጠጣል፣ ወይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ውኃውን ለፀሐይና ለነፋስ ይሰጣል። ቀኑንም «በጎዶሎ ቀን» ብሎ መሙላት ደግ አይደለም፤ የፈረንጅ ወር 31 ሲሆን ጎዶሎ ቀን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል። «በየ3 ቀኑ» ማለት ይሻላል። እሑድን ወይም ዓርብን እንዲዘልም ማዘዝ ይቻላል። ይዝለል አይዝለል የሚለውን ለሃይማኖት አባቶች ትቻለሁ።

ሣጥኑ ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ውኃ አይለካም። የሚለካው ገበሬው ነው። በማሳው ውስጥ አፋቸው ከታቻቸው እኩል የሆነ ባዶ ጣሳዎች አስቀምጣችሁ 1 ሰዓት አርጩ፤ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ለኩ። 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢፈልግና በየ3 ቀኑ ብታጠጡ የሚያስፈልገው 15 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 1 ሰዓት ተኩል ይበቃል ማለት ነው። በሄክታር ሲሰላ 150 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በአንድ ጊዜ አይጠጣውም፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ በመካከሉ እያሳረፋችሁ በሦስት ዙር ስጡት።

ከሽቦው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የወረፋው ጉዳይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሣጥኑ ያለፈውን ተራ አይክስም፤ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። አንድ ጉድጓድ ለብዙ ሰው በሆነበት ቦታ ይህ ጠብ ነው። የውኃ አባት ቢሆን ኖሮ «የእገሌ ተራ ተቃጥሎበታል፣ ነገ ይካስ» ይል ነበር። የሣጥኑን ቁልፍ የያዘ ሰውም ውኃውን እንደያዘ ይቆጠር። ስለዚህ የመስኖ ተጠቃሚዎች ሦስት ነገር በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስገቡ እላለሁ፦ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ሰዓት የሚለወጠው በማን ፊት እንደሆነና መብራት ያቃጠለው ተራ እንዴት እንደሚካስ። ይህ ተጽፎ ሳይፈረም ዩኒየኑ ለጋራ ጉድጓድ ሣጥን ባይገዛ እመርጣለሁ። ፓምፕ፣ ቱቦና ማጣሪያ በግሉ ላሟላ አባል ግን ከዚህ በጋ ጀምሮ በብድር ቢቀርብለት ተቃውሞ የለኝም። ከየቀበሌው ቴስተር መያዝ የሚችሉ ሁለት ሁለት ወጣቶች ከተመረጡልኝ እኔ ለማሠልጠን ዝግጁ ነኝ።

አንድ ሣጥንና ሁለት ቫልቭ ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ በአዳራሹ በረንዳ ላይ ሽቦውን እያሰርን እናየዋለን፤ ውኃ ባይኖርም ቫልቩ ሲነሣ ቀጭ ሲል ትሰሙታላችሁ።